ሦስተኛው ረድፍ

ጋሼ ምትኩ ማረፉን የሰማሁት መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ወደ ኋላ እየነዳሁ ነው። ሰብለ ደወለችልኝ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ገና ሳላነሳው ገባኝ። "ጋሼ ምትኩ ዛሬ ጠዋት አረፈ" አለች። ፎርክሊፍቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጩኸት በስልኩ ሰምታ ኖሮ፣ "የያዝከውን መጀመሪያ አውርድ" አለችኝ። አወረድኩ። አርባ ስምንት ካርቶን ሻምፖ ነበር። ይህን ለምን እንደማስታውስ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም። ጋሼ ምትኩ ግን አይጠይቀኝም ነበር። ነገርን በቁጥር መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው።

የተዋወቅነው በጓዱ ነው። ጓዱ የምንለው ኮሎምበስ ውስጥ ወታደር የነበርን ወይም አሁንም የሆንን ሐበሾች የፈጠርነው የወንድማማቾች ማኅበር ነው። ወረቀት ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው። በወታደር ቤት ጓድ ማለት ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሰው ስለሆነ፣ እኛም ከዚያ በልጠን ስለማናውቅ፣ ያ ስም ቀረ። በድሮው ጦር ያገለገሉ አሉ፤ ያንን ጦር ሲወጉ ኖረው ከጫካ የወጡም አሉ። ሰብለ የአሜሪካን ጦር ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግላ ነርስ የሆነች ናት፤ ሰብሳቢያችን እሷ ነች። እኔ ደግሞ በዲቪ መጥቼ ዓመት ሳይሞላኝ ናሽናል ጋርድ፣ ተጠባባቂው ጦር ውስጥ የገባሁ ነኝ። በወር አንድ ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለው የተኽለ ጎማ ቤት የኋላ ክፍል እንሰበሰባለን፤ ከዚያ ለሥራ እንወጣለን። አቅም ላጣ ሰው በረዶ እንጠርጋለን፣ ቤት ለሚቀይር ሶፋ እንሸከማለን፣ መኪና የሌለውን ሐኪም ቤት እናደርሳለን፣ የተሰበረ ደረጃ እንጠግናለን።

የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ጋሼ ምትኩ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው። ጨዋ ለመምሰል ብዬ፣ "እርስዎስ የት ነበሩ?" አልኩት።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ዐይኑ ግን ሳቀ።

"በሦስት ቃል ሁለት ጥፋት" አለ። "አንደኛ፣ እዚህ አንቱ የለም። ስንት ሆኜ ታየሁህ? ሁለተኛ፣ ግድግዳውን አንብብ።"

ግድግዳው ላይ ካርቶን ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ተሰቅሏል፦ እዚህ ክፍል ውስጥ የት ነበርክ አይባልም።

ታሪኩን በኋላ ሰማሁ። ጓዱ በተመሠረተ ዓመት ሁለት ሰዎች ሶፋ ሊሸከሙ በተሰበሰቡበት ጠዋት፣ አንዱ ሌላውን የትኛው ተራራ ላይ እንደነበር ጠየቀው። መልሱ ሲመጣ የራሱ ተራራ ሆኖ አገኘው፤ ከተቃራኒው አቅጣጫ። ወንበር ተወረወረ። ሶፋው ሳይነሳ ዋለ፤ ጓዱም ሊፈርስ ጥቂት ቀረው። በሚቀጥለው ወር ጋሼ ምትኩ ካርቶኑን ጽፎ መጣ፣ ተኽለ ምስማር አምጥቶ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ብርዱን ማውራት ይቻላል። ምግቡን፣ ቅማሉን፣ የአለቃን ጠባይ ማውራት ይቻላል። ቦታ መጥራት ግን ክልክል ነው። ተኽለ ከወዲያኛው ወገን እንደነበረ፣ ጋሼ ምትኩ ከወዲህኛው እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ብሎት አያውቅም። ሶፋ ሲነሳ ግን ሁልጊዜ ፊቱን ተኽለ፣ ኋላውን ጋሼ ምትኩ ነበሩ የሚይዙት።

"ደረጃ" ይላል ተኽለ ከፊት።

"ስንት?" ይላል ጋሼ ምትኩ ከኋላ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሶፋ ነው የያዝነው ፈተና?"

"ስንት ደረጃ፣ ተኽለ?"

"አምስት። አምስት ናቸው። ተገላገልኩ?"

ምን ዓይነት ወታደር እንደነበረ ማንም ሳይነግረኝ ያወቅኩት በሁለተኛው ወር ነው። ሂልቶፕ ሰፈር ውስጥ፣ ከእሱ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አሉ። በረዶው ጉልበት ይደርስ ነበር። አካፋችንን ይዘን ወደ ግቢው ልንገባ ስንል "ቁሙ" አለ። አልጮኸም። ግን ቆምን። ከመኪናው ቀጭን ዱላ አወጣ። በረዶውን ወጋ አደረገ፣ ጠበቀ፣ ረገጠ። እንደገና ወጋ አደረገ፣ ጠበቀ፣ ረገጠ። እንዲህ እያለ በረንዳው ድረስ ሄደና ዞረ። "አሁን በእኔ ዱካ፣ አንድ በአንድ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሃዮ ነው" አለች ሰብለ።

"ኦሃዮም መሬት ነው" አለ።

ደረጃው አጠገብ ዱላው አንድ ነገር ነካ። ተንበርክኮ በረዶውን በእጁ ቀስ እያለ ገለጠ። የብረት ጥርሱን ወደ ሰማይ ያደረገ የቅጠል መሰብሰቢያ ነበር፤ እትዬ ጽጌ በመከር የረሱት። አንስቶ ግድግዳ አስደገፈውና ምንም ሳይል መጥረግ ጀመረ። ሰብለ ከዚያ ቀን በኋላ በዱካው ስትሄድ አልቀለደችም። እትዬ ጽጌ ግን በመስኮት ሲያዩት ቆይተው፣ ምሳ ሲያቀርቡልን፣ "ምትኩ፣ የገዛ ግቢዬን ደግሞ እንደ አዲስ ልታስጠናኝ ነው?" አሉት። "አዎ" አላቸው። "ከበሩ እስከ መንገዱ ሃያ ሁለት ርምጃ ነው። ከጠረግነው ውጭ እንዳትረግጪ።" ሁሉንም ሴት አንቺ ነበር የሚለው፣ እትዬ ጽጌንም።

እየተመላለስን ስንሠራ ግጥም እንደምጽፍ ደረሰበት። አንድ ቅዳሜ መኪና ውስጥ አንብብልኝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ከሁሉ የምወደውን አነበብኩለት። ብዙ መንገድ ተጉዤ የሚል ስንኝ ነበረበት።

"ስንት?" አለኝ።

"ምኑ?"

"መንገዱ።"

"ጋሼ፣ ግጥም እኮ ነው።"

"ለዚህ ነዋ የምጠይቅህ። ሰው አምኖህ ከኋላህ እየመጣ ነው። ብዙ ብለኸው የት ይርገጥ?"

ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ የጻፍኳቸውን ሁሉ አየኋቸው፤ ብዙ፣ ሩቅ፣ ጥልቅ፣ ዘላለም። ከአርባ ግጥም የተረፉት ሦስት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሐኪም ቤት የማድረሱ ተራ የእኔ ነበር። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ወደ ሂልቶፕ እየተመለስን ሳለ ድንገት፣ "አንድ ቦታ አቁም" አለኝ። አንድ መናፈሻ ዳር አቆምኩ።

"ዶክተሩ ሦስት ቃል ነገረኝ" አለ። "ትንሽ ሌላ ሌላ ነገር አወራንና መልሰህ ንገረኝ አለኝ። ሁለቱን ነገርኩት። አንዱ ጠፋኝ። ሌላ ጊዜ ሁለቱም ይጠፋሉ ነው የሚለው፤ በጨዋ አነጋገር።"

ሞተሩን አጠፋሁ።

"ሰው ይረሳል። እሱ ምንም አይደል። ግን ከእኔ ጋር መጥፋት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ይሄ መኪና ጎማ ቤቱ አይደለም፣ ልነግርህ እችላለሁ።"

መሐንዲስ ክፍል ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሥራው ፈንጂ መቅበር ነበር። ሰሜን ውስጥ ከአንድ መንደር ሥር፣ በአንዲት ሾላና በአንድ ትልቅ ድንጋይ መካከል፣ ወታደሮቹን ይዞ ሦስት ረድፍ ቀበረ። ንድፉን ስሎ ለመቶ አለቃው አስረከበ። ጦሩ ሲያፈገፍግ ወረቀት ሁሉ ተቃጠለ፤ መቶ አለቃውም ሞተ። ጋሼ ምትኩ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ አሜሪካ ገብቶ፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ እያጠበ ጡረታ ወጣ። ያ ማሳ ድሮ ገና ተጠርጓል ብሎ ነበር የሚያስበው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን እዚሁ ኮሎምበስ አንድ ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የዚያ መንደር ልጅ ሆኖ ተገኘ። ስለ አገሩ ሲያወራ፣ ሾላዋ ሥር ያለውን መሬት እስከ ዛሬ ማንም አያርሰውም፣ ባለፈው እንኳን አንዲት ልጅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አቋርጣ እግሯን አጣች አለው።

"ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ" አለኝ ጋሼ ምትኩ።

ከዚያ ወዲህ ንድፉን እንደገና እየሳለ ነው። ፈንጂ ለሚያጸዳ ድርጅት ሊልከው ይፈልጋል። አንደኛውና ሁለተኛው ረድፍ በርምጃ ቁጥር ሳይቀር ጭንቅላቱ ውስጥ አሉ። ሦስተኛው የለም። የተቀበረው በመጨረሻ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መድፍ እየወደቀ ነበር። ግማሹን እሱ መራ፣ ግማሹን ሌላ ዐሥር አለቃ መራና በማግስቱ ሞተ። ረድፉ ቀጥ ብሎ ሄዶ ይሁን መካከል ላይ ታጥፎ አያውቅም።

"ያለህን ለምን አትልከውም?" አልኩት።

"ግማሽ ንድፍ ባይኖር ይሻላል። የሚያምነው ሰው አለ።"

ከዚያ እሑድ እሑድ ቤቱ እየሄድኩ አብረን መሳል ጀመርን። ስኩዌር ያለው የተማሪ ደብተር ላይ እሱ እየነገረኝ እኔ እስላለሁ። አንደኛው ረድፍ፦ ከሾላዋ ግንድ በስተምሥራቅ አሥራ ስድስት ርምጃ። ሁለተኛው፦ ከአንደኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዐይኑን ይጨፍናል። አንድ ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል ጨፍኖ ቆየ። ሲገልጥ "ጭቃው ብቻ ነው የሚታየኝ" አለ። ሰኔ ላይ አንድ እሑድ ሾላዋን በድንጋዩ ቦታ አደረጋት። ቦታ አቀያየርክ ስለው ወረቀቱን አየና እኔን አየ። "አንተም እዚያ ነበርክ እንዴ?" አለኝ። የምሩን ነበር የጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ፈርቼም የማይሆን ነገር ሠራሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓት፣ የሁለቱን ረድፍ ንድፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለድርጅቱ በኢሜይል ላክኩ። እሱ ጨርሶ ሳይረሳ የተገኘው ይዳን ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አመስግነው፣ ለሥፍራው ቡድን እንዳስተላለፉት፣ ቡድኑ ዝናቡ ሲያበቃ እንደሚገባ ይናገራል። ምሥራች ይዤ እየበረርኩ ቤቱ ሄድኩ። ዕንቁላል እየጠበሰ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ምድጃውን አጠፋ።

"ሦስተኛውን ረድፍ ምን አልካቸው?"

"አልጻፍኩትም።"

"ባዶ ተውከው።"

"አዎ።"

"ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሲያዩ ምን የሚያደርጉ ይመስልሃል? ድንኳናቸውን የሚተክሉት እዚያ ነው።"

ያንን የተናገረበትን ድምፅ አልረሳውም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እዚያው ቆሜ ሌላ ኢሜይል ጻፍኩ፤ ሦስተኛ ረድፍ አለ፣ ቦታው አልታወቀም፣ በዚያ ንድፍ እንዳትገቡ። በማግስቱ መለሱ፦ እንጠብቃለን፣ መስከረም ላይ ግን ቡድኑ ወይ ወደዚያ ወይ ወደ ሌላ ወረዳ መመደብ አለበት። ሌላ ወረዳ ማለት ሌላ ዓመት ማለት ነበር። ጋሼ ምትኩ ሌላ ዓመት አልነበረውም።

"አንተ ጥፋትህን ሠርተሃል" አለኝ። "አሁን ደግሞ የእኔን ልሥራ።"

ሐምሌ ውስጥ በዋለው ቅዳሜ፣ ሰብለ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ቤት የሚቀይሩትን ሰዎች አድራሻ እያነበበች ሳለ አቋረጣት። አቋርጦ አያውቅም።

"ተኽለ" አለ። "የት ነበርክ?"

ሰብለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ጓዱ ዳግመኛ የሚፈርስበት ቀን ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ። ተኽለ ትልቅ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ተነሣ። በአገጩ ወደ ካርቶኑ አመለከተ።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"ማን ሰቀለው?"

"አንተ።"

"እንግዲያው እዚህ ክፍል ውስጥ አንነጋገርም። ና፣ ውጣ።"

በመስኮቱ እናያቸዋለን። የመኪና ማቆሚያው ላይ፣ በተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች መካከል፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆሙ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ጋሼ ምትኩ ብዙ ተናገረ። በጫማው ጫፍ አስፋልቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ተኽለ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ጋሼ ምትኩን እዚያው ትቶት ወደ ጎማ ቤቱ ገባ። አበቃ አልኩ። ተኽለ ግን ስልኩን ከቻርጀር ነቅሎ ተመልሶ ወጣ። ሲመለሱ የሰማነው ይህን ብቻ ነው።

"ስምንት ዓመት ሙሉ ሶፋ ስንሸከም ይሄን ይዘህ ነበር?"

"ሁለቱን ዓመት ነው።"

"እሺ፣ ሁለት። ደግሞ ይቆጥርልኛል" አለ ተኽለ ወደ እኛ ዞሮ። "እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነበረ ሰው ግን እፈልጋለሁ።"

ፈለገ። ጎማ እየፈታ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ፣ ዳላስ ደወለ፣ ቶሮንቶ ደወለ፣ ስዊድን ደወለ። አንዱ ሌላውን እያመለከተ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲያትል የምትኖር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ ሴት አገኘ። ለተብርሃን ትባላለች። በዚያ ማሳ በኩል ሰው እየመራች ያሻገረች እሷ ነበረች።

የነሐሴ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን። አስፋልቱ ይፋጃል። ሕጉ ሕግ ነውና ውጭ ቆመን የተኽለን ስልክ መኪና ጣሪያ ላይ አስቀመጥን። ተኽለ በትግርኛ ሰላምታ ተለዋወጠና በአማርኛ ስንት ሰው እንደሆንን ነገራት።

"የቀበረው ሰው አለ ብለኸኛል" አለች። "የቱ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እህቴ" አለ ጋሼ ምትኩ። "ምትኩ እባላለሁ። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ።"

አንድ ሰው ጎማ ቤቱ ውስጥ መዶሻ ጣለ።

"እኔ ሦስት ሰው ጥዬ ነው ያለፍኩት" አለች።

ጋሼ ምትኩ መዳፉን የጋለው ጣሪያ ላይ አሳረፈ፤ አላነሳውም። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። "ስማቸውን ንገሪኝ" አለ።

ነገረችው። አንድ በአንድ እየደገመ አስጻፈኝ። ከንድፉ ጥግ ላይ ጻፍኳቸው። ሁለቱ የአንድ አባት ልጆች ነበሩ።

"ጻፋችሁ?" አለች።

"ተጽፏል።"

"እንግዲያው መንገዱን ደግሞ ጻፉ። ድንጋዩን ተዉት፤ ከሾላዋ ነው የሚነሳው። ፊትህን ወደ ወንዙ አድርገህ ሠላሳ ሰባት ርምጃ ትሄዳለህ። እዚያ ላይ ረድፉ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሁለቱ እዚያ መታጠፊያው ላይ ነው የቀሩት፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስሎን።"

ጋሼ ምትኩ ዐይኑን ጨፈነ። "ታጥፏል" አለ ለራሱ። ከዚያ ገለጠና፣ "እህቴ፣ ቁመትሽ ስንት ነው?" አላት።

"ምን?"

"ቁመትሽ። ሠላሳ ሰባቱ የአንቺ ርምጃ ነው። የእኔ አይደለም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አጭር ሳቅ። "አጭር ነኝ። ትከሻህ ድረስ ብደርስ ነው።"

"ትከሻዬን አላየሽውም። እኔም አጭር ነኝ። ሸክም ነበረብሽ?"

"ጥይት።"

"እግርሽ ላይስ?"

"የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ዝናብ ነበር፣ ያንሸራትታል።"

በሴንቲሜትር ስትነግረን ሁላችንም ወደ ሰብለ ዞርን። እኩል ነበሩ። ሰብለ ምንም ሳትል ጫማዋን አወለቀችና ተኽለ ጎማ ቤቱ ውስጥ የሚያስቀምጣትን የላስቲክ ነጠላ ጫማ አደረገች። ሁለት የመኪና ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ከተን ጀርባዋ ላይ ጫንባት። ተኽለ አስፋልቱን በቱቦ አረጠበው። "ቀስ ብለሽ፣ እንደምትፈሪ ሆነሽ" አላት ጋሼ ምትኩ። "እፈራለሁ፣ ማስመሰል አያስፈልገኝም" አለችና ሄደች። ለተብርሃን በስልኩ ውስጥ አብራ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርሱ ተኽለ በሜትር ለካ። አራት ጊዜ አስደገማት፤ አማካዩን ወሰድን። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ አንድ ፈረንጅ ምን እየለካችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። "እርሻ" አለችው ሰብለ፣ ላቧን እየጠረገች።

ንድፉን ገልብጬ ሳበቃ ጋሼ ምትኩ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። ሊፈርም ሲል ሰብለ እጁን ያዘችው።

"ጋሼ፣ ስምህን አትጻፍ። ወረቀት ነገ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ማን ቀበረው ተብሎ ሌላ ጣጣ ይመጣብሃል።"

"የሚጠይቁት ሰው የሌለው ንድፍ ላይ ማን ደፍሮ ይረግጣል?" አለ። ማዕረጉን፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ያንቺንስ ላስጽፍ?" አለ።

"የኔን ተወው" አለች። "መንገዱን ሰጥቻለሁ። ከናንተ ስም ጋር አንድ ወረቀት ላይ መውረድ ግን አልችልም።"

"ገባኝ፣ እህቴ። የሰጠሽው ይበቃል።"

በዚያው ቀን ላክነው።

ከዚያ በኋላ መርሳቱ ፈጠነ። እስከዚያ ድረስ በጥርሱ ነክሶ ይዞት የቆየ ይመስላል። ጥቅምት ላይ እኔን በሌላ ሰው ስም ይጠራኝ ጀመር፤ የማን ስም እንደሆነ አልጠየቅኩም። ታኅሣሥ ላይ ለንፋስ ላውጣው ብዬ በሩን ስከፍት ሌሊቱን በረዶ ወርዶ ነበር። ዱላውን ልሰጠው ስዞር፣ እሱ ምንም ሳይወጋ፣ ምንም ሳይጠብቅ በረዶው መካከል ገብቶ ቆሞ አገኘሁት። ወዲያ ወዲህ እያለ ግቢውን ሁሉ በእግሩ አተራመሰው። ፊቱ የልጅ ፊት ነበር። ደስ ብሎኝ ይሁን አዝኜ እስከ አሁን መለየት አልቻልኩም፤ ዱላውን ግድግዳ አስደግፌ እያየሁት ቆየሁ።

ሲቀበር ሬሳውን የተሸከምነው እኛ ነን። ተኽለ ከፊት ነበር። የመቃብር ስፍራው በር ጋ ደረጃ ሲያጋጥመን ተኽለ "አራት" አለ፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ካረፈ በአሥራ አንደኛው ቀን ከድርጅቱ ኢሜይል መጣ። ቡድኑ ከሾላዋ ተነሥቶ ሁለቱን ረድፍ ከሞላ ጎደል ጨርሷል። የሦስተኛው መታጠፊያ ንድፉ ባሳየው ቦታ ላይ፣ በአንድ ሜትር ልዩነት ተገኝቷል። ከመታጠፊያው በታች ግን ወንዙ መሄጃውን ስለቀየረ ንድፉና መሬቱ አልገጠሙም። ሃምሳ አለቃ ምትኩን በስልክ ማነጋገር እንችላለን ወይ ይላል።

ቁጥሩ ተዘግቷል። መልስ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁ፤ ጀምሬ አጠፋሁ። በመጨረሻ ሲያትል ደወልኩ። ለተብርሃን ልጆቹን አድርሳ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ምሳዋን እየበላች ነበር። ማረፉንና ኢሜይል መምጣቱን ነገርኳት።

"መቼ?" አለች።

"ዐሥራ አንድ ቀኑ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

እውነቱን ለመናገር፣ መስማት ትፈልጋለች ብለን አላሰብንም ነበር።

"ሰዎቹ ምን ፈለጉ?"

"መታጠፊያውን በነገርሽን ቦታ አግኝተውታል። ከዚያ በታች ግን ወንዙ ተቀይሯል። የሚጠይቁት ሰው ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ።"

የምግብ ዕቃ ሲከደን ሰማሁ።

"ወንዙ ያን ጊዜ የት እንደነበር አውቃለሁ። ጠጥቼበታለሁ። ቁጥሬን ስጣቸው።"

"እሺ።"

"ንድፉ እጅህ ላይ አለ?"

"አለ።"

"ከሱ ስም ሥር ቦታ አለ?"

አየሁ። ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ነበር። "አለ" አልኳት።

"በል ጻፍ።" ስሟን ከነአባቷ፣ እንዳልሳሳት ፊደል በፊደል ነገረችኝ። ጽፌ ስጨርስ የእሱ ስም መጀመሪያ ላይ ያለውን አየሁና፣ "ማዕረግስ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እኛ ማዕረግ አልነበረንም" አለች። "ስሜን ብቻ ጻፍ።"